የእዝባር ሙግት፦ ሊኑክስ በዊኪፔዲያ ላይ እንዴት ተጻፈ

በላቲን ሲጻፍ ሦስት ፊደልና አንድ እዝባር ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ ይባስ ያጥራል፤ «ግኑ/»። ይህችን ዓይን የማትሞላ ነገር «ሊኑክስ» ከሚለው ቃል ፊት አንዱ ይጨምራታል፣ ሌላው መጥቶ ያነሳታል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ሊኑክስ፣ ማለትም ኮምፒውተርን ስለሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ በተጻፈው ጽሑፍ ላይ ይህ ነገር ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን የውይይት ገጽ የከፈተ ሰው፣ ጥያቄው ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት፣ ተከፍቶ እንደገና ሲዘጋ ያያል።

እኔ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በሌላ በር ነው። ስለ ሊኑክስ በአማርኛ ሁነኛ ጽሑፍ ልጽፍ ተነሳሁ። እንግሊዝኛው እንዴት እንደተደራጀ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ገና ርዕሱ ላይ ቆምኩ። ሊኑክስ የተጫነበትን ላፕቶፕ በየቀኑ እጠቀማለሁ። ግን «የዚህ ነገር ስሙ ማነው? ማንስ ሠራው?» ተብዬ ብጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አልችልም ነበር። ስለዚህ የራሴን ጽሑፍ ለጊዜው ወደ ጎን አልኩት። የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች ይህን ቋጠሮ እንዴት እንደያዙት መከታተል ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።

ጠቡ ከየት መጣ

በሴፕቴምበር 1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የኤምአይቲ ፕሮግራመር አንድ ትልቅ ሥራ እንደሚጀምር አስታወቀ። ዩኒክስ እንደተባለው ቀደምት ስርዓት የሚሠራ፣ ግን ማንም ሰው ኮዱን ከፍቶ ሊያይ፣ ሊቀይርና ለሌላ ሊያካፍል የሚችል ሙሉ ስርዓተ ክወና ልሠራ ነው አለ። ስሙን ግኑ አለው። ሲተነተን «ግኑ ዩኒክስ አይደለም» ማለት ነው፤ ምህጻሩ ራሱን በውስጡ ይዞ ይሽከረከራል። በ1985 ሥራውን የሚደግፍ «ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን» የሚባል ድርጅት አቋቋመ።

ስርዓተ ክወና አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም። ከሥር ከርነል አለ። ከርነሉ ማስታወሻውን (ሜሞሪውን)፣ ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩን ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል። እሱ ብቻውን ግን ለተጠቃሚው የሚታይ ምንም ነገር አይሰጥም። ትእዛዝ የምንጽፍበት ሼል ያስፈልጋል። ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉባቸው ላይብረሪዎች፣ ፋይል የሚገለብጡ፣ የሚዘረዝሩ፣ የሚፈልጉ ትናንሽ መሣሪያዎችም አሉ። የግኑ ሰዎች እነዚህን አንድ በአንድ ሠሩ። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ በ1987 ወጣ፣ ባሽ የሚባለው ሼል በ1989። የቀረው ከርነሉ ነበር። ኸርድ ብለው በ1990 ጀመሩት፤ ግን ሥራው ተጓተተ።

በዚህ መሀል ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ብቅ አለ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ። በኦገስት 25 ቀን 1991 ሚኒክስ የተባለውን ስርዓት ለሚጠቀሙ ሰዎች አጭር መልእክት ጻፈ። በነጻ የሚሰጥ ስርዓተ ክወና እየሠራሁ ነው፣ እንዲሁ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ እንደ ግኑ ትልቅና የባለሙያ ነገር አይሆንም አለ። በዚያው መልእክት ላይ ባሽንና ጂሲሲን በስርዓቱ ላይ ማሠራት እንደቻለ ተናገረ።

ይህን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የኋላው ሙግት በሙሉ በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ውስጥ አለ። ከርነሉ የቶርቫልድስ ነው። በከርነሉ ላይ መጀመሪያ የሮጡት ሁለቱ ፕሮግራሞች የግኑ ናቸው። ማንም ማንንም ለመንጠቅ አላሰበም።

ስሙም ቢሆን ቶርቫልድስ ራሱ የመረጠው አልነበረም። እሱ ያሰበው ፍሪክስ ሊለው ነበር። ፋይሎቹ የተቀመጡበትን የፊንላንድ ሰርቨር ይጠብቅ የነበረው አሪ ሌምኬ ግን ማኅደሩን ሊኑክስ ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ጸና። በሴፕቴምበር 17 የወጣው 0.01 የተባለው ቅጂ አሥር ሺህ ያህል የኮድ መስመር ነበረው። በ1992 ደግሞ ቶርቫልድስ ከርነሉን በግኑ ፈቃድ፣ ማለትም በጂፒኤል ሥር አደረገው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተጋቡ። ከርነል የጎደለው ስርዓትና ስርዓት የጎደለው ከርነል ተገናኙ።

ሕዝቡ የተጋባውን ሁሉ ሊኑክስ አለው። ስቶልማን ቅር ተሰኘ። «ከርነሉ አንድ ክፍል ነው፤ ስርዓቱ ግን የእኛ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ግኑ/ሊኑክስ በሉት» አለ፤ የሙግቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከርነሉንና መሣሪያዎቹን አንድ ላይ አሽገው ከሚያቀርቡት «ስርጭቶች» አንዱ፣ ዴቢያን፣ ተስማማ፤ ከ1994 ጀምሮ «ዴቢያን ግኑ/ሊኑክስ» ተባለ። ሌሎቹ ብዙዎች አልተከተሉም። ኡቡንቱ በስሙ ውስጥ ግኑንም ሊኑክስንም አላስገባም።

ባለዕዳው ኢንሳይክሎፒዲያ

ዊኪፔዲያ በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲጀመር ይህ ሙግት በደንብ ጋል ብሎ ነበር። ጉዳዩን ከሌላ የስም ጭቅጭቅ የሚለየው ደግሞ ዳኛው ራሱ ከከሳሹ የተበደረ መሆኑ ነው።

ስቶልማን ዊኪፔዲያ ከመፈጠሩ በፊት፣ ማንም የሚጽፍበትና ማንም በነጻነት የሚገለብጠው ዓለም አቀፍ መዝገበ ዕውቀት ያስፈልጋል ብሎ ጽፎ ነበር። ዊኪፔዲያ ሲነሳ ጽሑፎቹን ያወጣው በግኑ የሰነድ ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ የታሰበው ለሶፍትዌር መመሪያ መጻሕፍት ነበር። ለኢንሳይክሎፒዲያ ትንሽ አይመችም። አንዲት አንቀጽ ለመጠቀም የፈቃዱን ሙሉ ጽሑፍ ማያያዝ ይጠይቃል። ቢሆንም ዊኪፔዲያ ስምንት ዓመት በእሱ ኖረ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ወደሚባለው ሌላ ፈቃድ መሻገር ሲፈልግም ያለ ስቶልማን ድርጅት በጎ ፈቃድ አይችልም ነበር። ድርጅቱ በኖቬምበር 2008 ፈቃዱን አሻሽሎ፣ ለእንዲህ ዓይነት ድረ ገጾች ብቻ የምትሆን፣ ቀን የተቆረጠላት መሻገሪያ አስገባ። ዊኪፔዲያም በጁን 2009 ተሻገረ። ገጾቹን የሚያስተናግደው ሶፍትዌር፣ ሚዲያዊኪ፣ እስከ ዛሬ በጂፒኤል ሥር ነው። ሰርቨሮቹም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ይህን ሁሉ ውለታ የዋለ ሰው «በርዕሱ ላይ ስሜን ጨምሩልኝ» ሲል ምን ይባላል? በእኛ ባህል ከባድ ነው። ጎረቤት ቢሆን ይሉኝታ ይይዝሃል። የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች ግን ጽሑፉን ሊኑክስ በሚለው ርዕስ አቆዩት።

መጀመሪያ ይህን ሳይ ልቤ ከስቶልማን ጋር ነበር። ደንቡን ሳነብ ግን ነገሩ ገባኝ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የርዕስ ደንብ «ትክክለኛው ስም የቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ታማኝ ምንጮች በብዛት የሚጠሩት በምንድን ነው? አንባቢው ሲፈልግ ምን ብሎ ይጽፋል?» ብሎ ነው። ጋዜጣው፣ የትምህርት መጽሐፉ፣ የድርጅቶቹ ሰነድ በአብዛኛው ሊኑክስ ይላሉ። አለቀ። የውለታ ሚዛን፣ የፍትሕ ሚዛን ርዕስ ላይ አይገባም። ምክንያቱም አንዴ ከገባ ማቆሚያ የለውም። ለሀገር ስም፣ ለከተማ ስም፣ ለጦርነት ስም ሁሉ «ይህ ይገባናል» የሚል ወገን አለ። ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። «የበዛው ስም ይጸናል» የሚለው ደንብ ራሱን በራሱ ያጠናክራል። ጋዜጠኛው ከዊኪፔዲያ ያነባል፤ ሊኑክስ ብሎ ይጽፋል። ነገ የዊኪፔዲያ ጸሐፊ ያንን ጋዜጣ ምንጭ አድርጎ «ይኸው፣ ሁሉም ሊኑክስ ነው የሚሉት» ይላል። መዝገቡ የሕዝቡን አጠራር ብቻ አይቀዳም፤ ያጸናዋልም። ደንቡን የሚሽር ባይሆንም ጸሐፊው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ነው።

«ቤተሰብ» የምትለዋ ቃል

ርዕሱ የወሰደውን ዕዳ የጽሑፉ አካል መክፈል አለበት። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብልሃትም እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ ሊኑክስ በሊኑክስ ከርነል ላይ የተመሠረቱ፣ ክፍት ምንጭ የሆኑ፣ ዩኒክስ መሰል ስርዓተ ክወናዎች ቤተሰብ ነው። ከዚያ ከርነሉ መቼና በማን እንደወጣ ይከተላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ሰው ምንም አይታየውም። እኔ ግን «ቤተሰብ» የምትለዋን ቃል ሳያት ስንት ሰው እንደደከመባት ይታየኛል። «ሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው» ቢሉ የግኑ ወገን ይነሳል፤ «አይደለም፣ ከርነል ነው» ይላል። «ሊኑክስ ከርነል ነው» ቢሉ ኡቡንቱን ሊያነብ የመጣው ሰው ግራ ይገባዋል። «ቤተሰብ» ሲሉት ግን ከርነሉ ቤተሰቡን የሚያገናኝ የጋራ ደም ሆነ። የቀረውን እያንዳንዱ አባል እንደ ቤቱ ያሟላል።

ይህች ቃል ደግሞ ለስምምነት ብቻ የመጣች አይደለችም፤ እውነታውን ትሸከማለች። አንድሮይድን እንውሰድ። ከርነሉ ሊኑክስ ነው፤ ከላይ ያለው ግን የግኑ ስርዓት አይደለም። ዋናው የሲ ቋንቋ ላይብረሪው ራሱ የጉግል ነው። አልፓይን ሊኑክስ የሚባለው ትንሽ ስርዓትም በግኑ ላይብረሪ ፈንታ መስል የተባለውን፣ በግኑ መሣሪያዎች ፈንታ ቢዚቦክስን ይዟል። ርዕሱ ግኑ/ሊኑክስ ቢሆን እነዚህ ከደጅ ይቀሩ ነበር። በተቃራኒው ዴቢያን በፌብሩዋሪ 2011 ባወጣው ስድስተኛ ቅጂው ላይ የግኑን ስርዓት ፍሪቢኤስዲ በተባለ ሌላ ስርዓት ከርነል ላይ አስቀምጦ ለሙከራ አውጥቷል። ግኑ አለ፣ ሊኑክስ የለም። ሁለቱ የሚለያዩ ነገሮች መሆናቸው በተግባር ታየ።

የስሙ ምርጫ በቁጥር ላይም ይመጣል። ሊኑክስ በዓለም ላይ በብዛት የተጫነ ስርዓተ ክወና ነው ሲባል የምንሰማው አንድሮይድ ሲቆጠር ነው። ግኑ ያለበትን ብቻ ከቆጠርን በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ድርሻው ትንሽ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ «አንድሮይድን ጨምሮ» የምትለዋን ሐረግ ይዟል። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ይሠራሉ የሚለው ግን ያለ ማብራሪያ ይቆማል።

በመግቢያው ውስጥ ሙግቱ ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሯል። ብዙ ስርጭቶች ሊኑክስ የሚለውን በስማቸው እንደሚይዙ፣ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ግን የግኑን ድርሻ ለማጉላት ግኑ/ሊኑክስ የሚለውን እንደሚመክርና ይህም እንዳከራከረ ይናገራል። ማን ትክክል እንደሆነ አይፈርድም። ዝርዝሩን የፈለገ ለሙግቱ ብቻ ወደተጻፈው ሌላ ገጽ ይሄዳል። ከርነሉ የራሱ ገጽ አለው፤ ስርጭቶቹም፣ ግኑም እንዲሁ።

ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ፤ ግን ዋጋ አለው። አብዛኛው አንባቢ አንድ ገጽ፣ እንዲያውም አንድ አንቀጽ አንብቦ ይወጣል። ግኑ ወደ ሌላ ገጽ በሄደ ቁጥር ከሰው ዓይን ይርቃል። ለዚህ ነው ያቺ የመግቢያ ዓረፍተ ነገር እንዳትነካ የምመኘው። ዋናው ክፍያ እሷ ናት።

ስንት እጅ የማን ነው?

«እንግዲያው ድርሻቸውን እንቁጠር» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ተቆጥሯል።

ስቶልማን ራሱ የጠቀሰው አንድ የ1990ዎቹ ቆጠራ አለ። በአንድ የሲዲ ስርጭት ላይ የግኑ ሶፍትዌር ከጠቅላላው ኮድ 28 በመቶ፣ ከርነሉ 3 በመቶ ያህል ነበር። በኤፕሪል 2011 የወጣው ኡቡንቱ 11.04 ላይ በተሠራ ሌላ ቆጠራ ግን ግኑ ከ8 እስከ 13 በመቶ፣ ከርነሉ ደግሞ 6 በመቶ ሆኗል። የሙግቱ ገጽ ይህን ሁለተኛውን ይዟል።

«ከ8 እስከ 13» የሚለው ልዩነት ከየት መጣ? ግኖምን፣ ማለትም መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየውን የገጽታ ሶፍትዌር፣ የግኑ አካል ነው ብለህ ከቆጠርክ 13 ይሆናል። አይደለም ካልክ 8። ግኖም በ1997 የተጀመረው በግኑ ፕሮጀክት ሥር ነው። በኋላ የራሱን መንገድ ይዟል። ታዲያ ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ የማን ነው? ቆጣሪው ሁለቱንም ቁጥር አስቀመጠ፤ ዊኪፔዲያም ሁለቱንም ወሰደ። አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ግን አንባቢውን ያሳስተው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ግኖምን በግኑ ብትቆጥረው እንኳ፣ ከርነሉን ስትደምርበት ጠቅላላው 20 በመቶ አይሞላም። የቀረው የሌሎች ነው። ስማቸው በርዕስ ላይ ይግባልን ብለው የማያውቁ የብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ።

በጽሑፉ ጎን ያለችው የመረጃ ሣጥንም ይህን ችግር ታውቀዋለች። «ሠሪ» በሚለው መስመር ላይ አንድ ስም ብቻ ማስገባት አይቻልም፤ ስለዚህ ከቶርቫልድስ ጋር የማኅበረሰቡ አበርካቾች ተጽፈዋል። ለንግድ ሶፍትዌር ይህ መስመር በአንድ የኩባንያ ስም ይሞላል። ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ግን ጸሐፊውን ቁጭ ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው መስመር እሱ ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ። ሁሉ ነገር የገባኝ የራሴን ማሽን ሳይ ስለሆነ።

አንድ ምሽት ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩ። ቋንቋውን አማርኛ አድርጌ «ዴት» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁት። «ሐሙስ» ብሎ መለሰልኝ። በፊደል። ወሩ የፈረንጆቹ ነው፤ ቀኑ ግን የእኛው ሐሙስ። ይህ «ሐሙስ» ከየት መጣ? ከከርነሉ አይደለም። ከርነሉ ስለ ሐሙስ ምንም አያውቅም፤ የሚቆጥረው ሰከንድ ብቻ ነው። ቃሉ ያለው ጂሊብሲ በሚባለው የግኑ ላይብረሪ ውስጥ፣ ለኢትዮጵያ አማርኛ በተዘጋጀች አንዲት ፋይል ላይ ነው። ፋይሏን ከፍቼ አየሁ። ያበረከተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እንደሆነ እዚያው ተጽፏል።

እንግዲህ በእኔ ስክሪን ላይ አማርኛውን ያመጣው ግኑ ነው ማለት ነው? በከፊል። «ሐ»ን የምጽፍበት የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ የመጣው ከኤክስ መስኮት ሥርዓት ወገን ነው፤ ግኑም ሊኑክስም አይደለም። ፊደሉን ውብ አድርጎ የሚስለው አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ኤስአይኤል የተባለ ድርጅት ሥራ ነው። የፊደሎቹ ቁጥር ደግሞ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ፣ የተመደበ ነው፤ ኢትዮጵክ፣ ማለትም የእኛ ፊደል፣ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ቅጂ ላይ ነው። አንዲት «ሐሙስ» የምትል ቃል ስክሪኔ ላይ እስክትወጣ ቢያንስ አምስት ቤት አንኳኩታለች።

ከዚያ በኋላ ነው የስቶልማን ሙግት ሥጋ ለብሶ የታየኝ። ከዚያ በኋላ ነው የዊኪፔዲያው መልስም የታየኝ። ስቶልማን የተበሳጨው በከንቱ አይደለም፤ የእኔን ሐሙስ የተሸከመው ቤት ስሙ አይነሳም። ግን ርዕሱን ግኑ/ሊኑክስ ብንለው የፎንቱና የቁልፍ ሰሌዳው ሰዎችስ?

በእኛ ቋንቋ ሲሆን

አማርኛ ይህን ጉዳይ አንዳንድ ቦታ ያቀለዋል፣ አንዳንድ ቦታ ያከብደዋል።

ያቀለለው አጠራሩን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ግኑ»ን ለማስጠራት ማብራሪያ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በቋንቋው «ግ» ከ«ን» ፊት ይዋጣል። እኛ ሳድስ አለን። «ግኑ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ማንም በትክክል ያነበዋል። ሊኑክስም እንደዚያው። በየቢሮው አንዱ ሊነክስ፣ ሌላው ላይነክስ ይላል። ቶርቫልድስ በራሱ ድምፅ ቀድቶ ያስቀመጠው አጠራር ግን «ሊ» ብሎ የሚጀምር ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ብዬ ለመጻፍ አላመነታሁም።

ያከበደው እዝባሩን ነው። እንግሊዝኛ ላይ እዝባር ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያቆማል። በአማርኛ ግን እዝባር ከሁሉ በፊት የምህጻር ምልክት ነው። ት/ቤት፣ ዶ/ር፣ መ/ቤት። «ግኑ/ሊኑክስ» ብዬ ብጽፍ፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ የሆነ የተቆረጠ ቃል ይመስለዋል። ለአንድ ወዳጄ አሳይቼው የጠየቀኝ «ሙሉው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ስቶልማን እዝባሩ እንዲነበብ ይፈልጋል፤ ወይም «ፕላስ» በሉ ይላል። እኔ «ግኑና ሊኑክስ» የሚለው ለጆሮአችን ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፤ የኢንሳይክሎፒዲያ ጸሐፊ ደግሞ ቃል መፍጠር የለበትም። ስለዚህ ሙግቱን ስጠቅስ እዝባሩን ይዤ፣ ምን ማለት እንደሆነ አጠገቡ አብራራለሁ።

ከዚያ «ነጻ» አለ። ይህ በጣም የምጨነቅበት ቃል ነው። እንግሊዝኛው ለነጻነትና ለ«ያለ ክፍያ» አንድ ቃል ስላለው የስቶልማን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲያብራሩ ኖረዋል። እኛ «ነጻ» እና «በነጻ» አለን። አንዲት «በ» ነች ልዩነቷ፤ ግን ሥራዋን ትሠራለች። ነጻ ሶፍትዌር ስንል ኮዱን የማየት፣ የመቀየር፣ የማካፈል ነጻነት ያለው ማለት ነው። በነጻ የሚሰጥ ስንል ገንዘብ አይጠየቅበትም ማለት ነው። በነጻ የሚሰጥ ሆኖ ነጻ ያልሆነ ሞልቷል፤ ስልካችን ላይ ያሉትን አፖች ማየት ነው። አማርኛ ጽሑፎች ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳይ ያንገበግበኛል። ቋንቋችን የሰጠንን መለያ እኛው እየጣልነው ነው።

ቀኑም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1991ን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ መጀመሪያ መስከረም 7 ቀን 1984 ዓ.ም. ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነበር። 1983 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት። ስለዚህ የ1984 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ሊኑክስ የወጣውም መስከረም 6 ነው። ከእንቁጣጣሽ አምስት ቀን በኋላ። አንዲት ቀን ናት፤ ግን አንዴ ከተጻፈች ሌላው ይቀዳታል፣ ከዚያም ማን እንደጀመራት እንኳ አይታወቅም።

ይህ በተለይ አማርኛው ላይ ይከብዳል። እንግሊዝኛው ገጽ በየቀኑ ብዙ ዓይን ያርፍበታል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው በደቂቃዎች ያርመዋል፤ ያ የእዝባር ጭቅጭቅ ራሱ ጽሑፉን አጥርቶታል። አማርኛው፣ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ የሚጠራው፣ ጸሐፊው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ዛሬ የመረጠው ስም፣ የሳተው ቀን፣ የዘለለው ባለውለታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የሚከራከርህ ስለሌለ ክርክሩን ራስህ ከራስህ ጋር መጨረስ አለብህ። ይህን ሙግት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት ለዚህ ነው። እዚያ መቶ ሰው የተናገረውን እዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለራሱ መናገር ስላለበት።

ረቂቄ አሁን እንዲህ ይጀምራል፦ «ሊኑክስ፣ ሊኑክስ በተባለው ከርነል ላይ የተመሠረቱ ነጻና ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወናዎች ቤተሰብ ነው። ከርነሉን ሊነስ ቶርቫልድስ መስከረም 6 ቀን 1984 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣው። በአብዛኞቹ ስርጭቶች ውስጥ ከርነሉን ወደ ሙሉ ስርዓት የሚያደርሱት ብዙዎቹ መሣሪያዎች የግኑ ፕሮጀክት ሥራዎች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ስርዓቱ ግኑ/ሊኑክስ ተብሎ እንዲጠራ ይመክራል።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ካለበት ቦታ ወደ ላይ ወጥቷል። ሆን ብዬ ነው። «ብዙዎቹ መሣሪያዎች» የሚለው ላይ ግን ገና እያሰብኩ ነው። ያንን የ2011 ቆጠራ ካየሁ በኋላ «ብዙዎቹ» ትከብደኛለች። «ዋና ዋናዎቹ» ልል አስቤ ደግሞ ዋናውን የሚወስነው ማነው እላለሁ። ለጊዜው ሼሉን፣ ኮምፓይለሩንና ላይብረሪውን በስም ጠርቼ «ብዙዎቹ»ን ላወጣት ነው። «አቀማመጥና ፎንት» በሚለው ክፍል ደግሞ የ«ሐሙስ»ን ፋይል ያበረከቱትን በስም አስገብቻለሁ።